«ገዝቼዋለሁ፣ የእኔ ነው»፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከአሜሪካ የመጣ ሻንጣ ሲከፈት ከልብሱና ከሽቶው መሀል ዲቪዲ የሚወጣበት ዘመን ነበር። እህቴ ለልጆቹ ብላ ፊልም ልካልን፣ ዴኩ ዲስኩን ዋጠና አንድ መስመር እንግሊዝኛ አሳይቶ መልሶ ተፋው። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ ደግማ ከተተችው፤ ያው ነው። ጎረቤታችን «ለካ አሜሪካም ፎርጂድ አለ!» አለ።

ተረት፦ አልከፍት ያለ ዲስክ ተበላሽቷል ወይም ፎርጂድ ነው።

ዲስኩ ደህና ነበር። የፊልም ኩባንያዎች ዲቪዲን ሲያወጡ ዓለምን በቁጥር ተከፋፍለዋታል፦ አሜሪካና ካናዳ 1፤ ምዕራብ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና ጃፓን 2፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5። ዓላማው አንድ ፊልም እዚህ ሲኒማ ቤት ሳይገባ ከሌላ አገር በዲስክ ቀድሞ እንዳይደርስ ነው። ለ5 የተሠራ ዴክ የ1ን ዲስክ አይቀበልም፤ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የተላከውም ቁጥሩ 2 ከሆነ ዕጣው ያው ነው። የኮምፒውተር ዲቪዲ ማጫወቻም ክልሉን 5 ጊዜ ብቻ ያስቀይርና በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል። እኛ አገር የአማርኛ ፊልም ይሸጥበት የነበረው ቪሲዲ ግን የክልል ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የትም ቢሄድ ይከፈት ነበር።

ተረት፦ በኢንተርኔት የገዛሁት ፊልም ንብረቴ ነው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። «ግዛ» የሚለውን ተጭነን ስንከፍል የምናገኘው ፊልሙን ሳይሆን የማየት ፈቃድ ነው። ፋይሉ ስልካችን ላይ ቢወርድ እንኳ የተመሰጠረ ነው፤ መፍቻውን የሚሰጠው የሻጩ ኮምፒውተር ነው። ለዚህ ነው ወደ ፍላሽ ገልብጠን ለአክስታችን ብንወስድላት የማይከፈተው። ሻጩ ከፊልሙ ባለቤት ጋር ያለው ውል ካበቃ ደግሞ የከፈልንበት ፊልም ከእጃችን ሊወጣ ይችላል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2021 በፕሌይስቴሽን መደብሩ ፊልም መሸጥ ሲያቆም ቀድሞ የገዙት ማየት እንደሚችሉ ተናግሮ ነበር። በዓመቱ ግን ጀርመንና ኦስትሪያ ላሉ ደንበኞቹ የገዟቸው የስቱዲዮካናል ኩባንያ ፊልሞች ከነሐሴ 31፣ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደሚነሱ አስታወቀ። ዋጋቸውን ከፍለው የገዙ ሰዎች ናቸው!

የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች ነገሩ ስለገባቸው እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ሕግ አወጡ። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ መደብር የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይነግር «ግዛ» ማለት አይችልም። ሕጉ ፊልሙን አያስመልስም፤ ሰው ግን አውቆ ይከፍላል። እኔ ይህን ትንሽ ነገር አልለውም።

ተረት፦ ምስሉ ከደበዘዘ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ነው።

አንዳንዴ እውነት ነው። ግን 4ኬ ፊልም ገዝተን ቴሌቪዥናችን ኤችዲሲፒ 2.2 የተባለውን የቁልፍ ስምምነት ካላወቀ፣ መስመሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ጥራቱ ዝቅ ይላል። ብዙ ርካሽ ስልኮችም የቁልፋቸው ደረጃ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥርት ያለውን ቅጂ አያገኙም።

ተረት፦ ቁልፉ የሚከለክለው ሌባን ነው።

የዲቪዲ ቁልፍ 40 ቢት ብቻ፣ ማለትም ደካማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የ15 ዓመቱ ኖርዌያዊ ዮን ዮሃንሰን ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚፈታውን ፕሮግራም ለዓለም በተነው፤ ተከሶም በ2003 በነፃ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ የተሰረቀ ቅጂ ክልል አያውቅም፣ የትኛውም ዴክ ላይ ይከፈታል። ቁልፉ የቀረው ለገዢው ነው። በአሜሪካ ደግሞ በ1998ቱ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት የራስን ዲስክ ቁልፍ መስበር እንኳ በአብዛኛው ክልክል ነው።

ይህን የምለው ለኮፒ አድራጊ ጥብቅና ለመቆም አይደለም፤ ኮፒ የአገራችንን ፊልም ሠሪዎች እንዴት እንዳደኸየ አይተናል። ግን አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ሙዚቃውን ከቁልፍ ነፃ አድርጎ መሸጥ ቀጠለ፤ ገበያውም አልፈረሰም። ፊልሙ ዛሬም እንደተቆለፈ ነው።

እናቴ ያን ዲስክ አልጣለችውም። ከዓመታት በኋላ እህቴን ልትጠይቅ አሜሪካ ስትሄድ በሻንጣዋ ይዛው ሄደች፤ እዚያ ዴክ ውስጥ ከተቱት፣ ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታየ። አንድም ጭረት አልነበረበትም።