ካራቫን ለመጎተት ትንሽ መኪና መግዛት ያዋጣል?

የመንጠቆው መኖር ሳይሆን የፋብሪካው የመጎተት ፈቃድ ይወስናል

ቅዳሜና እሁድን ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማሳለፍ የለመደ ሰው የመኝታ ወጪውን በቀላል ካራቫን ለመተካት ቢያስብ አይገርምም። ለጎብኚ ለማከራየት የሚያስብ ባለሀብትም የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ይህችን የማደሪያ ተሳቢ የቱ ትንሽ መኪና ይጎትታታል?

በመኪና ተራ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «መንጠቆ ካለው ይጎትታል»። ይሁንና መንጠቆን ማንኛውም ብየዳ ቤት ይገጥመዋል። ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሬኑ ስንት ኪሎ እንደሚችሉ የሚወስነው ግን ፋብሪካው ነው። ገዢው የሚከስረውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ሒሳቡ ከክብደት ይጀምራል። ባዶዋን 500 ኪሎ የምትመዝን ካራቫን 50 ሊትር ውሃ ሲሞላባት 50 ኪሎ ይጨመራል። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የጋዝ ሲሊንደርና ስንቅ ሌላ 100 ኪሎ ቢሆኑ ጠቅላላው 650 ኪሎ ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 65 ኪሎ፣ መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ መኪናውን ከመስመር ያወጣዋል።

ይህ 65 ኪሎ የሚታሰበው ከመኪናው የጭነት አቅም ላይ ነው። የመኪናው አቅም 400 ኪሎ ቢሆንና እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ቢሳፈሩ 350 ኪሎ ይሆናል። የመንጠቆው ሲደመር 415 ኪሎ ይመጣል። አንድም ሻንጣ ሳይጫን መኪናው ከአቅሙ አለፈ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቅናሹ ከአምስት አንድ እጅ ይበልጣል። ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ በወረቀት ላይ ያላት 70 ያህል የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 55 ይወርዳል። አንድ ቶን ገደማ የምትመዝነው ይህች መኪና ሰውና ካራቫን ሲጨመሩባት ሁለት ቶን ይዛ ዳገት ልትወጣ ነው። በከተማ ውስጥ የሚያስወድዳት ቁጠባዋ እንጂ ጉልበቷ አይደለም።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ሙሉ ግፊቱን በመኪናው ፍሬን ላይ ይጥላል፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። ለዚህም ነው አምራቾች ፍሬን ላለውና ለሌለው ተሳቢ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች የሚያወጡት። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣችው ባለ 1500 ሲሲ ሱዙኪ ጂምኒ በአውሮፓ ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 1300 ኪሎ፣ ፍሬን የሌለው ግን 350 ኪሎ ብቻ ተፈቅዶላታል። ከላይ የተጠቀሰችው ባለ 650 ኪሎ ካራቫን ፍሬን ካላት ለጂምኒ አትከብዳትም፤ ከሌላት ግን ከእጥፍ ትንሽ ዝቅ የሚል ትርፍ ጭነት ነው።

ነጋዴውን በተለይ የሚመለከተው ሦስተኛው ጉዳይ ነው። ስሙ አንድ የሆነ መኪና አቅሙ አንድ ላይሆን ይችላል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአውሮፓ የቀረበው ቶዮታ ራቭ ፎር ሃይብሪድ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው 800 ኪሎ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳው ግን 1650 ኪሎ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። ከውጭ ሲታዩ መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ከሊብሬው በተጨማሪ የሻንሲ ቁጥሩንና የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ያስፈልጋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙ ገዢ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ምክንያት ጉልበት አያጣም፤ ይህ ትልቅ ብልጫው ነው። ነገር ግን ካራቫን ነፋስ ስለሚገፋ ባትሪው በአንድ ሙሌት የሚያስኬደው ርቀት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ጭራሽ የመጎተት ፈቃድ የላቸውም። ለአውሮፓ የተሠራው ቮልስዋገን አይዲ ፎር፣ በኋላ ጎማ የሚነዳው፣ ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 1000 ኪሎ ይፈቀድለታል። ይህ ቁጥር ግን ለቻይና ገበያ ለተሠራው አቻው ማረጋገጫ አይሆንም።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መንጠቆ ተገጥሞ ሲያገኝ ሊደሰት ሳይሆን ሊጠረጥር ይገባል። ከአቅሙ በላይ ሲጎትት የኖረ መኪና ፍሪሲዮኑ ያለቀ፣ የኋላ ሞላው የተኛ፣ አውቶማቲክ ከሆነም የማርሹ ዘይት ተቃጥሎ የጠቆረ ይሆናል። ዘይቱን አውጥቶ ለማየት የሚከፈለው የጋራዥ ዋጋ ከአዲስ ማርሽ ጋር አይወዳደርም።

በመጨረሻ የሚቀረው የካፒታል ጥያቄ ነው። ካራቫኗ በዓመት አሥር ጊዜ ብቻ የምትወጣ ከሆነ፣ ለነዚያ ቀናት ሲባል ትልቅ መኪና ገዝቶ በቀሩት ቀናት ነዳጁንና ጎማውን መክፈል አያዋጣም። ለከተማ ትንሿን ይዞ ለጉዞ ፒክአፕ መከራየት ይሻላል። ለማከራየት ላሰበ ባለሀብት ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ መኪናው በየሳምንቱ ስለሚጎትት መጀመሪያ የካራቫኗን ሙሉ ክብደት በሚዛን አስመዝኖ፣ ከዚያ መኪናውን መምረጥ ይኖርበታል። መኪናውን ቀድሞ የገዛ ሰው የሚያስመዝነው ኪሳራውን ነው።