ስለ ወስፌ

በየቤታችን ካሉት መሣሪያዎች መካከል ወስፌን አስተውሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ሹል ብረት ነው፤ እጀታ ተበጅቶለታል፤ እንደ መርፌ ግን ክር የሚገባበት ዓይን የለውም። ተግባሩ ለሌላው መንገድ መክፈት ነው።

ባለሙያዋ እመቤት ሞሶብ ስትሰፋ የሣሩን ጥቅልል በወስፌ ትወጋለች፤ አለላውም በቀዳዳው ይገባል። ቆዳ ሠራተኛውም ወፍራሙ ቆዳ ለመርፌ ስለማይበገር አስቀድሞ በወስፌ ይበሳውና ጠፍሩን ያሳልፋል። ጸሐፊውም ብራናውን ፍቆ ካለሰለሰ በኋላ ዳርና ዳሩን በወስፌ እየነቆጠ ይለካል፤ ከነቁጥ እስከ ነቁጥም ያለ ቀለም ያሰምራል። የቆየ የብራና ዳዊት ያለው አንባቢ ገልጦ ቢመለከት ነቁጡንና መስመሩን ያገኛቸዋል። ጥራዙ የሚጠረዘው፣ ማኅደሩም የሚሰፋው ወስፌ በከፈተው ቀዳዳ ነው።

እንግዲህ ሞሶቡንም ዳዊቱንም ያስገኘው ይህ መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ ሰፊዋን «ባለሙያ» ብለን አመስግነን ቆዳ ሠራተኛውን «ፋቂ» ብለን መስደባችን እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ብራናውስ ካልተፋቀ መጽሐፍ ከየት ይገኝ ነበር? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ስድቡ ከአንዳንድ ቤት ገና አልወጣም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችን ወስፌ መያዝን ብቻ ሳይሆን ወስፌ የያዘውን እጅ ማክበርን ጭምር ከእኛ ይማሩ ዘንድ ይገባል።