ጠጥቶ ማሽከርከርና የነርሶች ሥራ በወረርሽኝ ወቅት

አልኮል የማመዛዘን ችሎታን ያዳክማል፤ አሽከርካሪው አደጋን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ያለውን ጊዜም ያራዝማል። ጠላም ይሁን ጠጅ፣ ቢራም ይሁን አረቄ ውጤቱ አንድ ነው።

እንደ ኮሮና ባለ ወረርሽኝ ወቅት ጉዳቱ በአደጋው ስፍራ አያበቃም። ለመተንፈስ የተቸገረ ሕሙም የሚጠብቀው አልጋና ኦክስጅን ለአደጋው ተጎጂም ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም የሚንከባከቡት እነዚያው ነርሶች ናቸው። ስካር የጭንቅላት ጉዳት ምልክቶችን ስለሚሸፍን ነርሶች የሰከረውን ተጎጂ ንቃት ደጋግመው መከታተል ይኖርባቸዋል። ሳልና ትኩሳት እንደነበረው ጠይቀው አስተማማኝ መልስ ስለማያገኙም የመከላከያ አልባሳት ሳይለብሱ አይቀርቡትም። ይህ ሁሉ ጊዜ ከሌሎች ሕሙማን የሚወሰድ ነው።

ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ስካርን አያበርድም፤ የሚያበርደው ጊዜ ብቻ ነው። ስለሆነም የጠጣ ሰው መሪ አይያዝ፤ አብረውት ያሉም ቁልፉን ይቀበሉት።