በግራ እጃቸው የሚጎርሱ ተዋንያን

አክስቴ ፊልም የምታየው ከእራት በኋላ፣ ምድጃው ዳር ተቀምጣ፣ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነው። የመንዟ መሐል ሜዳ ብርድ ሌላ አቀማመጥ አይፈቅድም። ስልኩ የልጇ ነው፤ ፊልሙ በገበያ ቀን በሚሞሪ ተጭኖ የመጣ ነው። ባለፈው የገና ሰሞን አብሬያት ሳይ ድንገት እጇን ዘርግታ አስቆመችን።

«ቆይ እስቲ፤ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው ሁሉም በግራቸው የሚጎርሱት?»

ሳቅን። ከዚያ ግን ጠጋ ብለን አየን፤ እውነቷን ነው። ባልየው ሚስቱን የሚያጎርሰው በግራው ነው። ሰዓቱን ያሰረው በቀኙ ነው። ከኋላቸው ያለው የሆቴል ስም ደግሞ በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ ዞሯል። እኛ ታሪኩን ስንከተል የሳትነውን፣ በግራ መጉረስ ነውር ነው ብላ ያደገችው አክስቴ በአንድ ጉርሻ ያዘችው።

ምክንያቱ የዩቲዩብ አሠራር ነው። ዩቲዩብ የፊልም ባለቤቶች ያስመዘገቡትን ሥራ ይይዝና አዲስ የሚጫነውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ጋር ያመሳክራል፤ ሥርዓቱ ኮንቴንት አይዲ ይባላል። ሲመሳሰልበት ባለቤቱ ቪዲዮውን ሊያሳግድ ወይም የማስታወቂያውን ገቢ ወደ ራሱ ሊያዞር ይችላል። ፊልም ሰርቆ የሚለጥፍ ሰው ታዲያ ማሽኑን ለማደናገር ምስሉን ግራና ቀኝ ያገላብጠዋል፤ ዳር ዳሩን ይቆርጠዋል፤ ድምፁን ትንሽ ያፈጥነዋል። የቅጂ መብት አዋጃችን፣ ቁጥር 410/1996፣ ይህን አይፈቅድም። ግን አዋጁም ማሽኑም ያላዩትን ነገር አክስቴ አይታለች። ከዚያ ወዲህ እኔም ፊልም ስከፍት መጀመሪያ የማየው ሰዎቹ በየትኛው እጅ እንደሚበሉ ነው። በቀኝ ከበሉ ከባለቤቱ ቻናል የተገኘ የመሆኑ ዕድል ይሰፋል።

«ነጻ» የምንለው ትኬት ስለማይቆረጥ ነው እንጂ ከፋይስ አለ። ዩቲዩብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ተመሥርቶ በዓመቱ ጉግል ከገዛው ጀምሮ የሚተዳደረው በማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው ደግሞ ዋጋ የሚቆርጠው ተመልካቹ የተቀመጠበትን አገር አይቶ ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ሆኖ የሚያይ ሰው ከመንዝ ተመልካች ብዙ እጥፍ ያስገኛል። እነ ምነው ሸዋን የመሳሰሉ ቻናሎች ድራማና ፊልም ሙሉውን ሲለቁ፣ ሒሳቡን የሚዘጋላቸው የዳያስፖራው ዓይን ይመስለኛል። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ አምስት ሰከንድ የመኪና ማስታወቂያ ይታገሣል፤ እናቱ መሐል ሜዳ በዚያ ሒሳብ ትስቃለች። ሐዋላ ነው፣ ብቻ ባንክ አያውቀውም።

መንዝ ላይ ያለው ወጪ ሌላ ነው፦ ዳታ። የሁለት ሰዓት ፊልም በመካከለኛ ጥራት፣ በ360፣ ከ500 እስከ 700 ሜጋባይት አካባቢ ይበላል፤ ጥራቱን ወደ 720 ከፍ ካደረጉት ከ1 ጊጋባይት በላይ ይሄዳል። በግ ሸጦ ጨውና ዘይት ለሚሸምት ቤተሰብ ይህ በየማታው የሚሞከር አይደለም። ለዚህ ነው በሩ ላይ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» ብሎ የጻፈ ልጅ ያለባት ሱቅ ከየትኛውም ሲኒማ ቤት የምትበልጠው። ልጁ ሌሊት፣ ጥቅሉ ሲረክስ፣ በቪድሜት ወይም ከቴሌግራም ያወርዳል፤ ቀን ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይጭናል። «ስንት ጊጋ ነው ጋሼ? አማርኛ ይሁን ትርጉም?» ይላል። ሚሞሪዋ ገጠር ከገባች በኋላ ደግሞ ስልክ ለስልክ በዜንደር ትባዛለች፤ ዜንደር ሁለቱን ስልኮች በቀጥታ ስለሚያገናኝ ዳታም ኔትወርክም አይጠይቅም። አንድ ሌሊት የወረደች ፊልም በሳምንት ውስጥ ቀበሌውን ታዳርሳለች።

ከዚህ በፊት ቪዲዮ ቤት ነበር። ሸራ የተጋረደበት በር፣ አግዳሚ ወንበር፣ ካርቶን ላይ በማርከር የተጻፈ የፊልም ስም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ፣ ማታ ፊልም። ሴቶች ብዙም አይገቡም ነበር። ሚሞሪ ያመጣው ትልቁ ለውጥ እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ፊልሙን ከወንዶቹ አግዳሚ አንስቶ ምድጃ ዳር አስቀመጠው።

ልጁ «ትርጉም» ያለው ለብቻው ዓለም ነው። የህንድ፣ የቻይና ወይም የሆሊውድ ፊልም ላይ አንድ ሰው ብቻውን በአማርኛ ይተርካል፤ ጀግናውም እሱ፣ አፍቃሪዋም እሱ፣ ሽጉጥ የደቀነውም እሱ ነው። መሐል ላይ ከራሱ ቀልድ ይጨምርበታል። ካምፓላ ውስጥ ቪጄ የሚባሉት ተራኪዎች በሉጋንዳ ይህንኑ ይሠራሉ፤ እዚያ ሕዝቡ ፊልሙን የሚመርጠው በተዋናዩ ሳይሆን በተራኪው ነው ይባላል። እውነት ለመናገር ከፊልሙ ይልቅ ትርጉሙ የሚያስቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አክስቴም ከአማርኛው ፊልም ይልቅ እሱን ትወዳለች።

ከአማርኛው ሚሞሪ ላይ የማይጠፉት የፍቅር ኮሜዲዎች ናቸው፤ የአድማሱ ከበደ «የወንዶች ጉዳይ» ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም ይጠየቃል። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» እና ስለ ቀይ ሽብር ዘመን የሠራው «ቀይ ስህተት» ለትልልቆቹ ናቸው። የቅድስት ይልማ «ረቡኒ» ደግሞ ከሁሉም በትዕግሥት የተሠራ ነው፤ ቸኩሎ የሚያይ ይሰለቸዋል፣ የታገሠን ይክሰዋል። ከጥንቱ የ1957ቱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» እና የሚሸል ፓፓታኪስ «ጉማ» አሉ፤ የዛሬው የጉማ ፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። እነዚህን ግን ጫኙ ልጅ አያውቃቸውም፤ አልፈርድበትም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። መንዝ ላይ በየቤቱ መታየት የነበረበት አንድ ፊልም አለ፤ በየሱቁ ብጠይቅ አጣሁት። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ የአንድ ልጅና የአንዲት በግ ነው። የኤፍሬም እናት ሞታለች፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል፤ አብራው ያለችው ቹኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ ወጥ መሥራት ይችላል፤ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ እየሸጠ ለመሸሻው የአውቶቡስ ሒሳብ ያጠራቅማል፤ አጎቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ማጀት ምን አገባው ይላል። እስቲ ይህን የመንዝ ልጅ ቢያየው አስቡት። እዚህ እኮ በግ የከብት ስም ብቻ አይደለችም። ፀጉሯ ተሸልቶ፣ ተፈትሎ ባና እና በርኖስ ይሆናል፤ እረኛው የሚለብሰው የሚጠብቃትን በግ ነው።

ሚሞሪ ላይ ያላሰብኩትን አንድ ነገር ግን አገኘሁ፦ የጓሳ ጭላዳ። መንዝ ለዘመናት ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት የጠበቀው የጓሳ ሣር ውስጥ ያሉትን ጭላዳዎች የውጭ ተመራማሪዎችና ካሜራ ያዦች ሲከተሏቸው ዓመታት ሆኗል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎቹ መሐል ረጋ ብሎ እየተራመደ አይጥ ሲያድን የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚለው ቀበሮው ከመንጋው መሐል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሰምርለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25ቱ። አክስቴ ግን ቁጥሩን ሰምታ አልተደነቀችም። «ይኼንን ለማየት ፈረንጅ መጣ?» ነው ያለችው።

ከመንዝ ወርዶ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ የደረሰ ሰው ሌላ የፊልም ታሪክ ይጠብቀዋል። ትልልቅ የመርሐቤቴ ሰዎች «ካርል» ብለው የሚያነሡት ሰው፣ ካርልሃይንዝ በም፣ የፊልም ተዋናይ ነበር። በ1955፣ 56 እና 57 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጡት ሦስት «ሲሲ» ፊልሞች ከሮሚ ሽናይደር ጋር የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ተጫውቷል፤ ፊልሞቹ እስከ ዛሬ በጀርመንና በኦስትሪያ ቴሌቪዥን በየገናው ይታያሉ። በ1960 ደግሞ በ«ፒፒንግ ቶም» ሴቶችን እየገደለ የሚቀርጽ ካሜራ ያዥ ሆነና ተቺዎች ፊልሙን ረገሙት፤ ዛሬ ግን ከምርጦቹ ይቆጠራል።

ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 1981 አንድ የጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርቦ ተወራረደ። ውርርዱም፦ ከሚያዩኝ ሰዎች ከሦስት አንዱ እንኳ በአፍሪካ ለተራቡት 1 ማርክ አይሰጥም፤ የሰጡ እንደሆነ ግን ራሴ ወስጄ አደርሳለሁ። ውርርዱን አሸነፈ፤ ሲሶው አልሰጠም። የተሰበሰበው ግን ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ነበርና ይዞት ኢትዮጵያ መጣ። በዚያው ዓመት «ሰዎች ለሰዎች»ን መሠረተ፤ ሥራውን በኤረር ሸለቆ ጀመረ፤ በ1980ዎቹ በእኛ አቆጣጠር መርሐቤቴ ደረሰ። የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል ድርጅቱ ካቆማቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ዓለም ከተማ ውስጥ ሚሞሪ የሚጭን አንድ ልጅ ጋ ገብቼ «ሲሲ የሚባል ፊልም አለህ?» አልኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገ፣ ፈለገ፤ ቀና ብሎ፦

«የቱርክ ነው የህንድ፣ ጋሼ?»