የደረሰኙ ዝርዝር ዋጋ፦ የንግድ ካርድ ክፍያ በአሜሪካ

አሜሪካ ውስጥ የጽዳት ዕቃ የሚያከፋፍል ነጋዴ ለአንድ መሥሪያ ቤት የ10,000 ዶላር ዕቃ ሸጦ ሂሳቡን በመሥሪያ ቤቱ የቪዛ ካርድ ቢቀበል፣ ካርዱን ላወጣው ባንክ ከዚያ ገንዘብ ላይ የሚቆረጥለት መጠን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በቆየው የቪዛ የዋጋ ሠንጠረዥ፣ ሽያጩ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ተከናውኖ ከጠቅላላ ዋጋው በቀር ዝርዝር ካልተላከ ተቆራጩ 2.70 በመቶና 10 ሳንቲም ነበር። የሽያጭ ታክሱና የገዢው የትዕዛዝ ቁጥር ከታከሉበት (ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ነው) በመቶኛው ወደ 2.50 ይወርድ ነበር። የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ ኮድ፣ ብዛት፣ መለኪያና የነጠላ ዋጋ አብሮ ሲላክ (ሦስተኛ ደረጃ) ደግሞ 1.90 ይሆን ነበር። በአንዱ መንገድ ነጋዴው 270 ዶላር ገደማ ይቆረጥበት ነበር፣ በሌላው 190። ዕቃው ያው፣ ገዢው ያው፣ ካርዱም ያው ሆኖ 80 ዶላሩን የሚያመጣው ከክፍያው ጋር የተላከው ወይም ሳይላክ የቀረው ዝርዝር ብቻ ነው። ባንኮችና የካርድ ኩባንያዎች ይህን አሠራር ጥራት ላለው መረጃ የሚሰጥ ሽልማት አድርገው ያቀርቡታል። መረጃው ጥራት ይኑረው ማለታቸው ትክክል ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ መረጃውን የሚፈልገው ገዢው ሆኖ ሳለ፣ የማዘጋጀቱ ድካምም አለማዘጋጀት የሚያስከትለው ወጪም የተጫነው በሻጩ ላይ ነው፤ ከሻጮችም አቅም ባነሰው ላይ ይበረታል።

ነገሩን ለመረዳት ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ካርድ ሲከፈልበት በመሐል ሁለት ባንኮች አሉ፦ አንዱ ለገዢው ካርድ ያወጣው፣ ሌላው የነጋዴውን ሂሳብ የሚያስተናግደው። ኢንተርቼንጅ የሚባለው ተቆራጭ ከነጋዴው ባንክ ወደ ካርድ አውጪው ባንክ የሚሄደው ነው፤ የነጋዴው ባንክም መልሶ ከነጋዴው ይወስደዋል። ዋጋውን የሚተምኑት ግን ቪዛና ማስተርካርድ ናቸው፣ ሠንጠረዡንም በየዓመቱ ኤፕሪልና ኦክቶበር ላይ ይከልሱታል (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባንኮች ተስማምተው ዋጋ ይተምናሉ የሚለው ክስ ገና በ1980ዎቹ ናባንኮ በተባለ ድርጅት ለፍርድ ቀርቦ ነበር፤ በ1986 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለቪዛ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ገበያው የተለየ ጠባይ ያዘ። የካርድ ኩባንያዎቹ የሚሻሙት ካርድ አውጪ ባንኮችን ስለሆነ፣ ለባንኩ ብዙ የሚያስገኘው ኩባንያ ይመረጣል፤ በሌላ ገበያ ውድድር ዋጋ ያወርዳል፣ እዚህ ግን ያንረዋል። የንግድ ካርዶች ከሠንጠረዡ አናት አካባቢ የተቀመጡትም ስለዚህ ነው። ባንኩ ከነጋዴው ከሚያገኘው ላይ ከፍሎ ለትልልቅ ደንበኞቹ በተመላሽ መልክ ይሰጣልና።

ዝርዝር የመጠየቁ ልማድ የመጣው ከግዢ ክፍሎች ነው። ለአንድ ካርቶን ወረቀት የትዕዛዝ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ማስፈረም፣ ቼክ መጻፍ ከወረቀቱ ዋጋ በላይ ያስወጣል ተብሎ፣ ለአነስተኛ ግዢዎች ለሠራተኞች ካርድ መስጠት ተጀመረ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1998 ስማርትፔይ የተባለውን መርሐ ግብር ዘርግቶ ካርዱን በመሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ አዳረሰው። ግን አሮጌው የወረቀት ሥርዓት ያደርገው የነበረው ቁጥጥር አብሮ ላላ። በ2001 የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ሳንዲየጎ ባሉ ሁለት የባሕር ኃይል ክፍሎች ላይ ያደረገውን ምርመራ ይፋ ሲያደርግ፣ በመንግሥት ካርድ ለግል ጥቅም የዋሉ ግዢዎች መገኘታቸውን ገለጸ። “ለኮምፒውተር ሱቅ 900 ዶላር” የሚል አንድ መስመር ለኦዲተር ምንም አይነግረውም፤ የተገዛው ማተሚያ ይሁን የጨዋታ መሣሪያ የሚያሳየው የዕቃው ዝርዝር ነው። ለግል ኩባንያዎችም እንዲሁ ነው፦ ወጪውን በየፕሮጀክቱ ለመመደብ፣ የተከፈለ ታክስን ለማጣራት፣ ከአንድ አቅራቢ ምን ያህል እንደተገዛ አውቆ በዋጋ ለመደራደር ዝርዝሩ ይጠቅማቸዋል። ከዚህ ሁሉ ጥቅም ውስጥ ለሻጩ የሚደርሰው ብዙ አይደለም። ዝርዝሩ ለሻጩ አዲስ ነገር አይነግረውም፤ ምን እንደሸጠ ያውቃል።

ሻጩ እንዲተባበር የተዘረጋው ማባበያ እንግዲህ የተቆራጩ መጠን ሆነ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል፣ የሚፈርሰው በተግባር ነው። ሦስተኛው ደረጃ የሚጠይቀው መረጃ የሚገኘው በኢንቮይስ ላይ ነው፣ ክፍያው የሚያልፈው ግን በካርድ ማሽን ነው። ሁለቱ በሶፍትዌር የተገናኙለት ትልቅ አከፋፋይ አንድ ጊዜ ካስተካከለው በኋላ መረጃው ያለ ሰው እጅ ይፈስሳል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ማሽን ያለችው ነጋዴ ግን የ30 ዓይነት ዕቃ ኮድ፣ የማጓጓዣ ወጪና የመላኪያ ዚፕ ኮድ በቁልፍ ልጫን ቢል እንኳ ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ቦታ የለውም። ክፍተቱን ለመሙላት የክፍያ አቀናባሪ ድርጅቶች ቀላል ዘዴ አገኙ፦ ባዶ መስኩን ራሳቸው ይሞሉት ጀመር። የዕቃ ስም በሚባለው ቦታ “ዕቃ”፣ ብዛት 1፣ ታክሱ ከጠቅላላው ላይ በግምት የተሰላ። ኮምፒውተሩ መስኩ መሞላቱን እንጂ እውነት መሆኑን ስለማይመረምር ዝቅተኛው ተቆራጭ ይጸድቅ ነበር።

ለዚህ የሐሰት መረጃ መብዛት ደንቡ ራሱ አስተዋጽኦ ነበረው፤ ይህ ብዙም ሲነሳ አይሰማም። በቪዛ ሁለተኛ ደረጃ ለመመደብ የተላከው የሽያጭ ታክስ ከሽያጩ 0.1 በመቶ በታች ወይም ከ22 በመቶ በላይ መሆን አልነበረበትም። ኦሬጎን፣ ሞንታና፣ ዴላዌር፣ ኒው ሃምፕሸርና አላስካ ደግሞ የክፍለ ግዛት የሽያጭ ታክስ የላቸውም። የፌዴራል መንግሥትም በሚገዛው ላይ ይህን ታክስ አይከፍልም። ስለዚህ በኦሬጎኗ ፖርትላንድ ያለ ነጋዴ “ታክስ ዜሮ” ብሎ እውነቱን ሲልክ ቅናሹ ያመልጠው ነበር፤ ያልሰበሰበውን ታክስ እንደሰበሰበ አድርጎ ከላከ ያገኘው ነበር። እውነት የተናገረውን የሚያስከፍል ደንብ አውጥቶ በኋላ መረጃው ተበላሸ ብሎ መገረም አይቻልም።

ቪዛ በኤፕሪል 2025 በጀመረው አዲስ መርሐ ግብር ጽዳቱን ተያያዘው። ዝርዝር መረጃ ልከው ለዝቅተኛው ተቆራጭ በሚበቁ ሽያጮች ላይ 0.05 በመቶ የተሳትፎ ክፍያ ተጣለ። የሚላከውም መረጃ ይመረመራል፤ ነጋዴው መረጃው እውነተኛ መሆኑ ተረጋግጦ “የተረጋገጠ” የሚል ደረጃ ካላገኘ ከኦክቶበር 2025 በኋላ ዝቅተኛው የሦስተኛ ደረጃ ዋጋ አይገባውም። ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ፣ ከነዳጅ ግዢ ካርዶች በቀር፣ በኤፕሪል 2026 እንዲያበቃ ተወሰነ። የምርመራውን ሐሳብ እደግፋለሁ። “ዕቃ፣ 1፣ 10,000 ዶላር” የሚል መስመር ለማንም የማይጠቅም ወረቀት ማሳመሪያ ነው፤ ለእሱ 80 ዶላር መቀነስ በትክክል የሚሠራውን ማታለል ነው። የሚያሳዝነው የመካከለኛው እርከን መቅረት ነው። የትዕዛዝ ቁጥርና ታክስ በትንሽ ማሽን ላይ እንኳ በእጅ መጻፍ ይቻል ነበር፤ አነስተኛው ነጋዴ ያለ ሶፍትዌር ሊደርስበት የሚችለው ብቸኛ እርከን እሱ ነበር። አሁን የቀረው ምርጫ ሙሉውን ዝርዝር በኮምፒውተር መላክ ወይም ከፍተኛውን መክፈል ነው።

ባንኮች ለዚህ መልስ አላቸው፣ መልሳቸውም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የንግድ ካርድ ብድር ነው፤ ገዢው ሳምንታት ቆይቶ ሲከፍል ሻጩ ግን በቀናት ውስጥ ገንዘቡን ያገኛል። ካርድ ባይኖር ያው ሻጭ ቼኩ እስኪመጣ 30 ወይም 60 ቀን ይጠብቅ ነበር፣ ጭራሽ ላይከፈለውም ይችል ነበር። ይህን አደጋ ባንኩ ስለተሸከመ ይከፈለው ማለት ተገቢ ነው። ይህ ክርክር ግን የሚያስረዳው ተቆራጭ ለምን እንዳለ ነው። በ1.90 እና በ2.70 መካከል ያለውን ርቀት አያስረዳም። ገዢው ኩባንያ ቢከስር ባንኩ የሚያጣው ገንዘብ የመጥረጊያው ኮድ በመላኩ አይቀንስም። ዝርዝሩ ሠራተኞች ካርዱን ለግል ጉዳይ እንዳይጠቀሙበት ይረዳል ቢባል እውነት ነው፤ ያ ጥቅም ግን የአሠሪው ነው፣ አሠሪው ደግሞ የባንኩ ደንበኛ ነው። ባንኩ አገልግሎቱን ለደንበኛው ሲሸጥ ዋጋውን ከሦስተኛ ወገን መሰብሰቡ ነው የሚያከራክረው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ብናይ፣ በካርድ ባወጡት ልክ ከባንኮቹ ተመላሽ ይቀበላሉ። ያ ተመላሽ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አይጠይቅም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ማንም አልተገደደም የሚል ነው፤ ዝርዝር መላክ የማይፈልግ አይላክ፣ ካርዱን የማይፈልግም አይቀበል። ይሁንና በካርድ ኩባንያዎቹ ደንብ መሠረት ቪዛ ክሬዲት ካርድ የሚቀበል ነጋዴ የሸማቹን ተቀብሎ የድርጅቱን ልመልስ ማለት ሳይችል ኖሯል። ሕግ አውጪዎችም እዚህ ላይ እጃቸውን ሰብስበዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣው ደንብ የሸማቾች ክሬዲት ካርድ ተቆራጭ ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን የንግድ ካርዶችን ከጣሪያው ውጭ ተዋቸው። አሜሪካ ውስጥ በ2010 የወጣው የደርቢን ማሻሻያ የተባለ ሕግ በተቆራጭ ላይ የጣለው ገደብ የሚመለከተው ዴቢት ካርድን እንጂ ክሬዲትን አይደለም። ከንግድ ካርድ ጀርባ ያለው ራሱን መከላከል የሚችል ድርጅት ነው ተብሎ ይታሰባል። ግምቱ ስለ ገዢው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ተቆራጩን የሚከፍለው ግን ሻጩ ነው፣ ሻጩ ደግሞ ሁለት ሠራተኛ ያለው ማተሚያ ቤት ሊሆን ይችላል።

በዋሽንግተን ዙሪያና በሌሎች ከተሞች ለመሥሪያ ቤቶች ምግብ የሚያቀርቡ፣ ቢሮ የሚያጸዱ፣ ቡና የሚያከፋፍሉ አማርኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች ጉዳዩ በቀጥታ ይነካቸዋል፤ ሆኖም ብዙዎቹ አነስተኛ ነጋዴዎች ልዩነቱን በወር መግለጫቸው ላይ አያዩትም። ምክንያቱ የውላቸው ዓይነት ነው። እንደ ስትራይፕ ያሉ አቀናባሪዎች በመደበኛ ውላቸው ለኢንተርኔት ሽያጭ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ያስከፍላሉ፣ ካርዱ የሸማችም ይሁን የድርጅት። በዚህ ውል ላይ ያለ ነጋዴ የቱንም ያህል የጠራ ዝርዝር ቢልክ የሚከፍለው አይለወጥም፤ ከታች የኢንተርቼንጁ መጠን ቢወርድ ትርፉ የአቀናባሪው ነው። ለእሱ ቅናሹ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። ቅናሹ የሚደርሰው ኢንተርቼንጁ በትክክለኛ ዋጋው ተዘርዝሮ የአቀናባሪው ክፍያ ለብቻው በሚደመርበት ውል ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ሂሳቡን መሥራት ያሻል፦ በቀድሞው ሠንጠረዥ ብናሰላ፣ በ10,000 ዶላር ሽያጭ ከሚተርፈው 80 ዶላር ላይ የተሳትፎው 5 ዶላር ይቀነሳል፣ የሶፍትዌሩ ወርኃዊ ኪራይ ይቀነሳል፤ በወር አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ያለ ሽያጭ ላለው ሰው ላያዋጣ ይችላል። በሳምንት ብዙ ኢንቮይስ ለሚያወጣ ግን ሳይውል ሳያድር የሚሠራ ነገር ነው።

በኖቬምበር 2025 ቪዛና ማስተርካርድ ከነጋዴዎች ጋር ከ2005 ጀምሮ ሲጎተት የኖረውን ክስ ለመቋጨት አዲስ ስምምነት አቀረቡ። ለፍርድ ቤት ይሁንታ በቀረበው በዚህ ሐሳብ ውስጥ ነጋዴዎች ካርዶችን በምድብ እየለዩ እንዲቀበሉ የሚፈቅድ አንቀጽ አለ፤ የንግድ ካርድ ራሱን የቻለ አንድ ምድብ ነው። ብዙ ካርድ የሚያስተናግድ ትልቅ አከፋፋይ ይህን መብት ለድርድር ሊጠቀምበት ይችላል፦ ተቆራጩ ካልወረደ አልቀበልም ይላል፣ ይሰሙታልም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሸጠው አነስተኛ አቅራቢ ሁኔታ ይለያል። ለዓመታት እስከ 10,000 ዶላር፣ ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ደግሞ እስከ 15,000 ዶላር ለሚደርሱ የፌዴራል ግዢዎች የተለመደው መክፈያ ያው ካርድ ነው። ካርዱን አልቀበልም የሚል አቅራቢ ገዢው መሥሪያ ቤት ካርድ ወደሚቀበለው ጎረቤቱ እንዲሄድ ይጋብዘዋል።