ትንሿን ዓሣ በውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር የምትገኙ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ ደብተርና እርሳስ ተዘጋጅቷል? የዛሬው ቃላችን «ዓሣ» ነው። ጻፋችሁት? እንግዲያውስ ጨዋታችንን እንቀጥል።

በላህ፣ በብርና በፈጠም ወንዞች ዳር ያደገ ሰው ቀረሶንና አምባዛን ያውቃል። ጣት የምታህለውን ግን «የትልቁ ልጅ ናት» ብሎ ያልፋታል። እኔም መምህራን ማሠልጠኛ እስክገባ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። በጣና ሐይቅ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማትበልጥ አንዲት ዓሣ አለች። የምትመስላት ሌላ ዓሣ በዳር በዳሩ ስትኖር፣ እሷ ግን የምትኖረው በሐይቁ መካከል ነው። ባርበስ ታናፔላጂየስ የሚል የራሷን የሳይንስ ስም ያገኘችው ገና በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አድጋ የጨረሰች ዓሣ ናት እንጂ የማንም ልጅ አይደለችም።

ታዲያ ፎቶግራፍ ለምን አስፈለገ? ዓሣ ከውሃ ወጥቶ ሲሞት ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ክንፉም ይጣበቃል። መልኩ በደንብ የሚታየው በውሃ ውስጥ በሕይወት እያለ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሉዊ ቡታን በ1893 ካሜራውን ውሃ በማያስገባ ሣጥን ዘግቶ ባሕር ውስጥ ፎቶግራፍ አነሣ። በ1926 ደግሞ ሎንግሊና ማርቲን የተባሉ አሜሪካውያን በፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ የዓሣን የቀለም ፎቶግራፍ ለማንሣት በቁ።

እኛስ? ከላይ ሆኖ ማንሣት አያዋጣም። ዱላ ውሃ ውስጥ ሲነከር የተሰበረ ይመስል የለ? ብርሃን ከውሃ ሲወጣ ስለሚታጠፍ ዓሣዋም ካለችበት ከፍ ብላ ትታያለች፤ የውሃው ነጸብራቅም ይጋርዳታል። በክረምት ደግሞ ውሃው ደፍርሶ አፈር ይሆናል። ስለዚህ ወንዙ የሚጠራበትን ኅዳርንና ታኅሣሥን መምረጥ ነው።

አንድ ኅዳር ስልኬን በላስቲክ ጠቅልዬ ውሃ ውስጥ ብከተው፣ ለካስ ላስቲኩ ተቀዶ ኖሯል! ስልኩ እዚያው ሞተ። አንዲት ተማሪዬ ግን «ጋሼ፣ ስልኩን ወደ ዓሣዋ ከመውሰድ ዓሣዋን ወደ ስልኩ ብናመጣት አይሻልም?» አለችኝ። ልክ ነበረች።

ዘዴው እንዲህ ነው፦

1ኛ/ ከመስኮት መስታወት ቁራጭ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ሣጥን ይሠራል። ክብ ጠርሙስ ዓሣዋን ያለ መልኳ ያሰፋታል።

2ኛ/ የዚያው ወንዝ ጥሩ ውሃ ይሞላበታል። ዓሣዋ በእርጥብ እጅ ወይም በወንፊት ቀስ ተብላ ትገባለች።

3ኛ/ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ፣ ከጎን ማስመሪያ ይደረጋል። ከዚያም ብርሃን ከላይ እንዲወርድ አድርጎ በጎን በኩል ማንሣት ነው።

4ኛ/ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓሣዋ ወደ ተወሰደችበት ትመለሳለች። ቀኑና የወንዙ ስም ይጻፋል።

አደራ! ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ ሊኖር ስለሚችል፣ ሥራው ወንዙ ውስጥ ሳይገቡ ከዳር ሆኖ ይሁን።

በተውሶ ስልክ አምስት ዓሦች አነሣን። በሳምንቱ ብንመለስ ከላይ ብርብራ ተወቅጦ ተበትኖ ነበር። ብርብራ የሚበላውን ከማይበላው፣ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ኩሬው ባዶ ሆኖ፣ ጣት የሚያህሉት ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ዳር ላይ ቀርተዋል። የመጀመሪያዋ ዓሣ ስሟ ማን እንደሆነ ገና አላወቅንም ነበር። የቀረን ፎቶግራፏና ልጆቹ ከሥሩ የጻፉት ቀን ብቻ ነው።

አድማጮቻችን፣ ስም ያላወጣንለት ነገር ሲጠፋ መጥፋቱንም አናውቅም። ነገ ወደ ወንዝ ስትወርዱ ብርብራውን ትታችሁ፣ ያያችሁትን ጻፉ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ!