ስማቸው ውሉ ላይ የሌለ

ወር በገባ በ1 አዲስ አበባ ልደታ ማርያም ደጃፍ ለምጽዋት የሚሰበሰበውን ሰው ያየ፣ ቤት አልባነትን በሱስ፣ በስንፍናና ከገጠር በመፍለስ ማስረዳት ይቀለዋል። ሱስም ፍልሰትም አሉ። የልደታ ሰፈርን ነገር ግን ከቤቶቿ ታሪክ ነጥሎ ማየት አይቻልም ባይ ነኝ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት እምብዛም ሳይነካ ቆየ፤ በዚያ ገቢ ጣሪያ ማደስ ስለማይቻልም ግድግዳው እየተራገፈ፣ ቆርቆሮው እየዛገ ሄደ። ያም ሆኖ ድሃው መሀል ከተማ ውስጥ ከዚያ የረከሰ ማደሪያ አልነበረውም። ውሉ በአንድ ሰው ስም ይሁን እንጂ ከሥሩ የሚያድረው ብዙ ነበር፤ ደባሉ፣ ጓሮ የተቀጠለችው ክፍል ተከራይ፣ ቆጥ ላይ ተኝቶ የአዳር የሚከፍለው የቀን ሠራተኛ። ባለውሏ እናት በዚህች ኪራይ ትጦር ነበር። ጉልት ቸርቻሪዋም ለታክሲ ሳታወጣ ገበያዋ ትደርስ ነበር።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ መልሶ ማልማቱ ልደታን ሲነካ፣ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆመበት። የግል ቤት ባለቤት ካሣ ነበረው። የቀበሌ ቤት ባለውልም ቅድመ ክፍያ ከፍሎ ኮንዶሚኒየም መውሰድ፣ አለዚያ ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት መግባት ይችል ነበር። ደባሉ ምንም አልነበረውም። ቤቱ ሲፈርስ የእሱም ቤት እንደፈረሰ የሚመሰክርለት ወረቀት አልነበረውማ።

የወረቀቱ ጉዳይ እዚህ አያበቃም። የነዋሪነት መታወቂያ የቤት ቁጥር ይፈልጋል፤ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለተካሄደው የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ደግሞ መታወቂያ ያስፈልግ ነበር። ቆጥ ላይ የሚያድር ሰው ቁጥሩን ከየት ያመጣል? ለተመዘገበውም ቢሆን 20/80 የሚባለው ቤት 20 በመቶውን አስቀድሞ የቆጠበን ነው የሚጠብቀው። እጣ የወጣላቸው ብዙዎች የቤቱን የባንክ ዕዳ ለመክፈል ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ከተማው ዳር ወጥተው ተከራይተዋል።

ጎዳና በአንድ ሌሊት አይወጣም። አባወራው ይታመማል፤ እቁቡ ይቋረጣል፤ አከራይ ይጨምራል። ዕቃው ዘመድ ቤት ይገባል፣ ቤተሰቡ ይከተላል፣ ዘመድም በአንዲት ክፍል ስንቱን ይችላል? ቀጥሎ ገንዘብ በተገኘ ቀን ቤርጎ፣ ባልተገኘ ቀን ላስቲክ። ድሮ በዘመድ ቤትና በላስቲኩ መካከል የቆጥና የጓሮ ክፍል ነበር፤ ያ ነው የፈረሰው። ኮንዶሚኒየሙ ሽንት ቤትና ውሃ ይዞ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚህ ሰው የሚሆን በአዳር የሚከራይ አልጋ ግን በንድፉ ውስጥ አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ የሚከላከል ደግ ሕግ ነው፤ በአዳር ለሚከፍለው ግን አይደርስም። ስለዚህ የሚቀጥለው ሰፈር ከመፍረሱ በፊት፣ የነዋሪው ቆጠራ በቀን ውል ይዞ ከመዞር ይልቅ ማታ ሰው ከገባ በኋላ ይካሄድ፤ ባለውሉ ከተመዘገበ በኋላም "እዚህ ቤት ሌላ ማን ያድራል?" ተብሎ ይጠየቅ፤ ለሚቆጠረውም በዚያው ሰፈር ርካሽ የኪራይ ክፍል ይታሰብለት።